ወንበር ስምንት

ወንበር ሰባትና ወንበር ስምንት ጎን ለጎን የተተከሉ ቢሆኑም፣ ተቀማጮቻቸው በዕድሜም በጠባይም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቁ ነበር። በወንበር ሰባት የምትቀመጠው ውዳሴ ገዛኸኝ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ናት። በየማለዳው ከሰዓቷ አሥር ደቂቃ ቀድማ ትደርሳለች፣ ፀጉሯን አጥብቃ ታስራለች፣ የተጠየቀችውን ብቻ ትመልሳለች፤ ውሃ እንኳ የምትጠጣው በልክ ነው። በወንበር ስምንት የሚቀመጡት ጋሽ አብዶሽ ደግሞ ስድሳ አንድ ዓመት ሞልቷቸዋል። የሸሚዛቸውን ሁለት ቁልፍ ሳይቆልፉ፣ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ፣ ሁልጊዜ አርፍደው ይመጣሉ፤ ገና ከበሩ ሲገቡም አንዱን በአባቱ ስም፣ ሌላውን ራሳቸው ባወጡለት ቅጽል እየጠሩ አዳራሹን ያስቁታል።

«አቦ ውዳሴ! ዛሬስ ምን ልትሆኚ ነው?» ይሏታል በየቀኑ። «ትናንት ዳኛ፣ ከትናንት ወዲያ ሐኪም። ሱልጣን የሆንሽ ዕለት እንዳትረሺኝ።»

«እርስዎስ ጋሽ አብዶሽ?»

«እኔማ ያው ነኝ። ከእናንተ የተረፈውን እሆናለሁ።»

ይስቃሉ። እሷም ለአክብሮት ያህል ፈገግ ትላለች።

የሙያ መቃኛ ማዕከሉ በድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር፣ በትልልቅ ጥላ ዛፎች መካከል የቆመ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነው። ትምህርቱን የጨረሰ ሥራ ፈላጊ ሁሉ አርባ ቀን ይመደብለታል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይቀመጣል፤ መነጽሩ ከላይ ይወርድለታል፤ እስከ ስድስት ሰዓትም አንድ ሙያ ውስጥ ገብቶ ይውላል። ነርስ ይሆናል፣ ግንበኛ ይሆናል፣ የጉምሩክ ፈታሽ ይሆናል። አርባው ቀን ሲሞላ የሚሆኑት ሙያዎች ዝርዝር ወደ ቤቱ ስክሪን ይላካል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው። በሚቀጥለው እሑድ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ምርጫውን ያሳውቃል። አንዴ የተመረጠ አይለወጥም። ሕዝቡ ሥርዓቱን እንደ ቀለበት ሥነ ሥርዓት ይዞታል፤ አዲስ ልብስ ይለበሳል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ጎረቤት በመስኮት ያጨበጭባል።

በየረድፉ ጫፍ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አንድ «ቋሚ ተሳታፊ» ይቀመጣል። ቋሚ ተሳታፊዎች አርባ ቀን የላቸውም፤ በየቀኑ ይመጣሉ፣ ዓመት ከዓመት። ጋሽ አብዶሽ በዚያ ወንበር ስድስት ዓመት ተቀምጠዋል። ቀድሞ የባቡር ነጂ ነበሩ፤ ባቡሩ ያለ ነጂ መሄድ ሲጀምር ነው ወደዚህ የመጡት። ቋሚ ተሳታፊ ምን እንደሚሠራ ማንም አይጠይቅም። ለቤተሰቡ መኖሪያ እንደሚሰጥ፣ ሕክምናው እንደማይቋረጥና ሥራው ተቀምጦ የሚሠራ መሆኑን ግን ሁሉም ያውቃል።

ለውዳሴ ሕክምናው ነበር የሚያሳስባት። አባቷ አቶ ገዛኸኝ ኩላሊታቸው ከደከመ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ደማቸውን የሚያጥበው መሣሪያ ሳሎን ውስጥ ከሶፋው አጠገብ ቆሞ፣ እንደ ፍሪጅ በዝግታ እያጉረመረመ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይሠራል። የመሣሪያው ፈቃድ የሚታደሰው ከቤተሰቡ አንድ ሰው ሠራተኛ ሆኖ እስከተመዘገበ ድረስ ብቻ ነው። የአቶ ገዛኸኝ ምዝገባ ፋብሪካቸው ሲዘጋ ተሰርዟል፤ የተሰጣቸው የጊዜ ገደብ በግንቦት መጨረሻ ያበቃል። ስለዚህ ውዳሴ እስከ ግንቦት መጨረሻ አንድ ነገር መሆን ነበረባት።

ከአርባው ቀናት ውስጥ ለእህቷ ለሶስና እየሳቀች የተረከችላት አሥራ አንደኛውን ነበር። ያን ቀን ነርስ ሆና ነበር። ውሃ ያረጠበው ቢጫ ክብ ያለበት ነጭ ጣሪያ፣ ከሥሩ አልጋ፣ በአልጋው ላይ መናገር የማይችል በሽተኛ ተሰጣት። መድኃኒቱን አሳስታ ወጋችው፤ ሰውዬው ተንፈራፍሮ ሞተ። ወዲያው «ተሳስተዋል፤ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ሞከረች፤ ገደለችው። በአምስተኛው ሙከራ ነው የዳነላት።

«አራት ጊዜ ገደልሽው?» አለች ሶስና ሆዷን ይዛ እየሳቀች። «አንቺ እኮ ነርስ ሳትሆኚ ወረርሽኝ ነሽ!»

«ምን ላድርግ? ዝም ብሎ አይተኛም እኮ። በጣቱ የአልጋውን ብረት ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጋል። ሐሳቤን በታተነው።»

ከዚያ በኋላ ነገሩን ረስታዋለች።

አርባኛው ቀን ማክሰኞ ዋለ። የአዳራሹ ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ለየረድፉ አንድ ማራገቢያ አቁመዋል፤ የዚህኛው ረድፍ ማራገቢያ የቆመው ከወንበር ሰባት ፊት ለፊት ነው። ወንበር ስምንት ላይ ግን የጠዋቷ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ተዘርግታበታለች። ጋሽ አብዶሽ ግንባራቸውን በእጃቸው እየጠረጉ ሲደርሱ ውዳሴ እንዳስተዳደጓ ብድግ አለች።

«ጋሽ አብዶሽ፣ እዚህ ይቀመጡ። እዚያ ፀሐዩ ይጎዳዎታል።»

«ተይ ልጄ፣ የለመድኩት ነው።»

«አይሆንም። እርስዎ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው እኔ ማራገቢያ ሥር?»

«ተይ አልኩሽ። ወላሂ አይሆንም!»

እጃቸው የወንበር ስምንትን መደገፊያ ጨብጦ ነበር፤ አጨባበጣቸውም ከወትሮው የጠበቀ ነው። ውዳሴ አየችው። ሆኖም አንድ ጨዋ ሽማግሌ ወንበር ሲለቀቅለት ሁለት ጊዜ እምቢ ማለቱ፣ በሦስተኛው መሸነፉ የታወቀ ነው። ለዚህ የሚባለውንም ታውቃለች።

«እኔ ልሙት!» አለች።

ጋሽ አብዶሽ አፋቸውን ከፈቱ። በዚያች ቅጽበት የአዳራሹ አስተባባሪ ራሔል ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ ወደ እነሱ አየች። አፋቸውን ዘጉ፤ ከዚያም እንደ ወትሯቸው ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀባቸው።

«እሺ፣ አንቺ አትሙቺ» አሉ በዝግታ፣ እየተቀመጡ። መነጽሩ ሊወርድላቸው ሲል ወደ እሷ ዘንበል አሉ። «ጣትሽን አትርሺ።»

ቀልድ መሰላት።

ማዕከሉን የነደፉት ባለሙያዎች ተሰብሳቢው በበሩ ከተመዘገበ በኋላ በቁጥሩ እንደሚቀመጥ አምነው ነበር። ሽማግሌ ሲመጣ ወንበር የሚለቀቅበት አገር እንዳለ የነገራቸው አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣላት ጣሪያው ነው። ነጭ ጣሪያ፣ በመካከሉ ውሃ ያረጠበው ቢጫ ክብ። ውዳሴ ወዲያው አወቀችው። ያኔ ከሥሩ ቆማ ነበር፤ አሁን ተኝታለች። ልትነሣ ሞከረች፤ አካሏ አልታዘዘም። ልትጣራ ፈለገች፤ ከአፏ የወጣው የሌላ ሰው ማቃሰት ነው፤ እሱም የመጣው እሷ በፈለገችበት ጊዜ ሳይሆን በራሱ ሰዓት ነበር። አንድ ፊት ከላይ ጎነበሰባት። ማለዳ እስክሪብቶ ያዋሰችው የወንበር ሦስቱ ልጅ ነው። ነጭ ጋዋን ለብሷል፣ ላብ አጥምቆታል፣ መርፌ ይዟል። አላወቃትም፤ የለበሰችው ፊት የእሷ አልነበረም።

መርፌው እውነተኛ መርፌ ነበር። ቢያንስ ለክንዷ እንደዚያ ነበር። ከክንዷ የተነሣው እሳት በደረቷ አልፎ ጉሮሮዋ ላይ ሲቆም፣ ልጁ «ወይኔ» ሲል ሰማችው። ከዚያ ጨለማ ሆነ። በጨለማው ውስጥ ትሕትና የተሞላ ድምፅ፣ «ቀጣዩ ክፍል በአራት ሰከንድ ውስጥ ይጀምራል፤ እናመሰግናለን» አለ።

ጣሪያው ተመልሶ መጣ። ልጁም መጣ።

በሦስተኛው ላይ ጣቷን አገኘቻት። ከመላ አካሏ የሚታዘዛት የቀኝ እጇ አመልካች ጣት ብቻ ነበረች። ይህቺን ጣት ለቋሚ ተሳታፊዎች ለምን እንዳስቀሩላቸው ኋላ ተረዳች፤ ጭራሽ የማይንቀሳቀስ በሽተኛ ለተማሪዎቹ እውነተኛ አይመስላቸውም። ጣቷን አነሣች። የአልጋውን ብረት ኳ፣ ኳ፣ ኳ አደረገች። ልጁ ወደ ጣቷ አየና ፊቱን አኮሳተረ፤ ሐሳቡን እንደበተነችበት ያስታውቅ ነበር።

ከወንበር ሦስቱ ልጅ በኋላ ለግንበኛ ተሰጠች፤ ግድግዳው የሚናድበት ሰው ሆነች። ከግንበኛው በኋላ ለዳኛ ተሰጠች፤ እየለመነ የሚፈረድበት ሰው ሆነች። ዳኛዋ እንደ እሷ ያለች ጨዋ ልጅ ነበረች፤ ፊቷን ሳታዞር ፈረደች። ውዳሴም ዳኛ በነበረችበት ቀን እንዲህ አድርጋለች፤ ለዚያውም ከፍተኛ ነጥብ ተሰጥቷታል። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ አሥራ ሰባት ጊዜ ሞተች። ትሕትና የተሞላው ድምፅ አሥራ ሰባት ጊዜ አመሰገናት።

መነጽሩ ሲነሣ ፀሐይዋ ከወንበር ስምንት ላይ ዞር ብላ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሰዎች እየተንጠራሩ ይሳሳቃሉ። የወንበር ሦስቱ ልጅ ለጓደኛው፣ «አንዱን ሽማግሌ ጨረስኩት ባክህ!» እያለ በአጠገቧ አለፈ።

ጋሽ አብዶሽን ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘቻቸው። ምሳቸውን ከፍተው አልነኩትም። አጠገባቸው ተቀመጠች። ኩባያውን ራሳቸው ይዘው ውሃ አጠጧት።

«ያንቺ አርባኛ ቀን እሳት አደጋ ነበር» አሉ ወደ ዛፉ እያዩ። «እሳት ማጥፋት ደስ ይላል ለካ። ሁልጊዜ የምቃጠለው እኔ ነበርኩ።»

ለመሳቅ ሞከሩ፤ እሷ ስላልሳቀች ተዉት።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ፈርሜያለሁ። ያየሁትን ብናገር ልጄም የልጅ ልጆቼም በዚያው ቀን ከቤቱ ይወጣሉ።» በነጠላ ጫማቸው አፈሩን ቧጠጡ። «አሁንም የነገርኩሽ ነገር የለም። አይተሻል እንጂ አልነገርኩሽም።»

ውዳሴ ልትጠይቀው የፈራችውን ጠየቀች።

«በአሥራ አንደኛው ቀኔ፣ ነርስ ሆኜ ሳለ፣ አልጋው ላይ የነበሩት እርስዎ ነበሩ?»

የጋሽ አብዶሽ ቀኝ እጅ አግዳሚው ላይ ተኝቶ ነበር። አመልካች ጣታቸው ተነሣች። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ውዳሴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እሳቸው ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ፣ ልጅ እንደሚያባብሉ።

«ተይ፣ ተይ አታልቅሺ። በአምስተኛው አድነሽኝ የለ? አንዳንዱ እኮ ምሳ እስኪደርስ አይሳካለትም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ። ከወንበር ስምንት ተነሥቶ ሳይፈርም በዚያ በር የወጣ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። አንቺ አልፈረምሽም። እኔን አታስቢ፤ ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው።»

ዓርብ ዕለት ዝርዝሩ ወደ ቤት ደረሰ። ሦስት መስመር ጠብቀው ነበር፤ የመጣው አንድ ነው። «ውዳሴ ገዛኸኝ፦ ቋሚ ተሳታፊ። በአርባኛው ቀን ታላቅ ቃጠሎ ውስጥ የልብ ምቷ ያልተለወጠ በመሆኑ፣ እጅግ ልዩ ጽናት ተመዝግቦላታል።»

የማን ልብ እንደነበረ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

እናቷ ወይዘሮ ውቢት ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡት። ለእሳቸው ዋናው ቃል የመጀመሪያው ነበር። «ቋሚ!» አሉ ደረታቸውን እየመቱ። «ሰው ሙሉ ዕድሜውን ኮንትራት እያደሰ ሲለምን፣ የእኔ ልጅ በአንድ ጊዜ ቋሚ!» አቶ ገዛኸኝ ከሶፋው ላይ፣ ቱቦው ከክንዳቸው ሳይነቀል፣ «የእናቷን ምጥ የቻለች ልጅ ጽናት አጣች ልትሉ ነበር?» ብለው አሳቁ። ሶስና እህቷን አንገቷን አቅፋ ዞረች። የሶስና የራሷ አርባ ቀን በሚቀጥለው ሰኞ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ቀኗ ነርስነት እንደሆነ መልእክት ደርሷታል።

«አንቺ አራት ጊዜ ገደልሽ፤ እኔ ከሦስት አላልፍም» አለች ሶስና።

ውዳሴ ወደ ኩሽና ሄዳ ቧንቧውን ከፈተች፤ ውሃው ሲፈስ ቆማ አየችው።

እሑድ ከቀትር በኋላ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ቤተሰቡ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። ኬኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሶስና በላዩ «ቋሚ» ብላ በክሬም ጽፋበታለች። ወይዘሮ ውቢት አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። የአቶ ገዛኸኝ መሣሪያ ከጎናቸው ያጉረመርማል፤ አረንጓዴ መብራቱ በርቷል። ከወሩ የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነው።

ስክሪኑ በሴት ድምፅ ተናገረ። ከሰባት ዓመት በፊት ድምፁ ደረቅ ነበር፤ ሰው ለደረቅ ጥያቄ ልቡን እንደማይከፍት ተጠንቶ፣ ከአካባቢው ወግ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ተስተካክሏል። አሁን የሚናገረው እንደ ጎረቤት ነው።

«እንኳን ደስ አለሽ ውዳሴዬ! ቋሚ ተሳታፊነቱን ትቀበያለሽ?»

«አልቀበልም» አለች ውዳሴ።

ወይዘሮ ውቢት ሳቁ። «አያችኋት? ጨዋ ልጅ ወዲያው አትስገበገብም!»

ሶስናም ሳቀች። አቶ ገዛኸኝ በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ። ውዳሴ ሦስቱንም አየቻቸው። ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ አብዶሽ «ወላሂ አይሆንም» ሲሉ እሷም ልክ እንዲህ ነበር የሰማቻቸው።

«ኧረ አይሆንም» አለ ስክሪኑ በፍቅር። «ላንቺ ተብሎ የተቀመጠ እኮ ነው። ትቀበያለሽ?»

«አልቀበልም።»

«በቃ፣ ሁለቴ አልሽ፣ ይበቃል» አሉ እናቷ ጉልበቷን እየነካኩ። «አሁን እሺ በይ። አባትሽ ይሙት!»

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ወደ መሣሪያው አይተው አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። አቶ ገዛኸኝ ግን ሳቁ። «ቀስ በይ ሴትዮ፤ ወረፋ ይዤ ነው ያለሁት።»

ከዚያ ስክሪኑ ለሦስተኛ ጊዜ ተናገረ፤ ድምፁም ከእናቷ ይልቅ ለስላሳ ነበር።

«ውዳሴዬ፣ እኔ ልሙት!»

ውዳሴ ስክሪኑን ትክ ብላ አየችው። ይህ ነገር አይሞትም። የሚሞቱለት ሌሎች ናቸው፤ በየረድፉ ጫፍ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት። ይህን ቃል የተማረው ግን ከእኛው ነው፤ ምናልባትም ከእሷው፣ ማክሰኞ ጠዋት።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ሰማች። ወደ እጇ አየች። የገዛ ጣቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ትመታለች።

መጀመሪያ ያስተዋሉት አባቷ ናቸው። ፈገግታቸው ከፊታቸው ቀስ እያለ ወረደ። ኬኩን ልትቆርስ ቢላ ያነሣችውን ሶስናን በእጃቸው አስቆሟት።

«ልጄ፣» አሉ፣ «የምርሽን ነው እንዴ?»

«የምሬን ነው አባዬ።»

«እስከ ወሩ መጨረሻ...» ብለው ወደ አረንጓዴው መብራት አዩና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ተዉት።

«አውቃለሁ። ከዓርብ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከተቀበልኩ ግን እፈርማለሁ፤ ከፈረምኩ ደግሞ ሶስና ነገ መርፌ ስታነሣ አልጋው ላይ ያለው ማን እንደሆነ ልነግራት አልችልም። እኔም ልሆን እችላለሁ።»

ሶስና ቢላውን አስቀመጠች። ወይዘሮ ውቢት የልጃቸውን ጉልበት ለቀቁ። ስክሪኑ መልሱን እየጠበቀ ለስላሳ ብርሃን ያበራል፤ መሣሪያው ያጉረመርማል።

ውዳሴ ተነሥታ ቆመች፤ ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ ቤተሰቧ ዞራ ተናገረች።

«ይሉኝታ አይደለም፤ እምቢ ብያለሁ። ሶስናም ነገ አትሄድም። ከወንበር ስምንት ተነሥቶ ያልፈረመ እኔ ብቻ ነኝ፤ ያየሁትን ከእናንተ ጀምሬ ለሚሰማኝ ሁሉ እናገራለሁ።»